ጥሻው ያቆየው ዓሣ

ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በሚወስደው የደጋ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ከኪመንዴ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ከሻይ ማሳው ማዶ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያገኛል። በደኑ ውስጥ ጋታማዩ የሚባል ጅረት ይወርዳል። ትልቅ ወንዝ አይባልም፤ ዳርና ዳሩን ቀርከሃ፣ ሐረግና ቁጥቋጦ ስለወረሰው ድምፁ ከመልኩ ቀድሞ ይሰማል። በዚህ ውሃ ውስጥ ከሰሐራ በስተደቡብ ያልተፈጠረ፣ ዘሩ ከሩቅ ቀዝቃዛ ወንዞች የመጣ ዓሣ ይኖራል፤ ትራውት ይባላል። ስለ ኬንያ ትራውት የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የአምጪዎቹ ታሪክ ነው፤ ማን እንቁላሉን እንዳስጫነ፣ ማን ጫጩቱን በየትኛው ወንዝ እንደለቀቀ፣ ማን ትልቁን ዓሣ እንደያዘ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለሌላ ነገር ነው። ዓሣውን እስከ ዛሬ ያቆየው የወንዙ ዳር ጥሻ ነው፤ ጥሻው የቆመውም የወደቀውም ደግሞ «ይህ የወንዝ ዳር የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ነው። የናይሮቢ ደጋ ትራውት ታሪክ ከመሬት ይዞታ ታሪክ ጋር አብሮ ካልተነበበ ግማሹ ይጎድላል።

የዓሣው ጉዞ የጀመረው ከኬንያ ርቆ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች በሰፈሩበት ቀዝቃዛ አገር ሁሉ የአገራቸውን ዓሣ ይዘው መሄድ ፈለጉ፤ እንቁላሉ ግን የሐሩሩን ባሕር ሳያቋርጥ እየሞተ አስቸገራቸው። ዘዴው የሠመረላቸው በ1864 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኖርፎክ የተባለች መርከብ በእርጥብ የድንጋይ ሽበት ተሸፍኖ በበረዶ መካከል የተቀመጠ እንቁላል አውስትራሊያ አደረሰች፤ እንቁላሉም ታዝማኒያ ውስጥ ተፈለፈለ። ቅዝቃዜው እንቁላሉን አይገድለውም፣ እድገቱን ያዘገየዋል፤ ሽበቱ ደግሞ እርጥበትና አየር ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ትራውት ወደ ኒውዚላንድ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ካሽሚር ሄደ። ለምሥራቅ አፍሪካ ተራው የደረሰው በ1905 ነው። ኢዋርት ግሮጋን የተባለው ሰፋሪ የስኮትላንዱን የሎክ ሌቨን ሐይቅ ቡናማ ትራውት እንቁላል አስመጣ፤ ዓሣውም ከአበርዴር ተራሮች በሚወርደው በጉራ ወንዝ ተለቀቀ። ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለው የአሜሪካ ዘር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከደቡብ አፍሪካ ተከተለ። ሐዲዱ በ1899 ናይሮቢ ደርሶ ስለነበር ከሞምባሳ ወደብ እስከ ደጋው ያለው መንገድ ቀላል ነበር። ከሐዲዱ እስከ ጉራ ባለው ገደልና የቀርከሃ ጫካ ግን ጭነቱን ያደረሰው የሰው ትከሻ ነው፤ በተለመደው ትረካ ውስጥ ለተሸካሚዎቹ ቦታ የለም።

ዓሣው የገባበት ዓመት በራሱ ይናገራል። ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1902 የወጣው የዘውድ መሬት ድንጋጌ «ሰው ያልያዘው» የተባለውን መሬት ለሰፋሪዎች መስጠት ፈቅዶ ነበር። በ1915 የተተካው ድንጋጌ ደግሞ ተወላጁ የሚኖርበትንና የሚያርሰውን መሬት ሳይቀር የዘውዱ አደረገው። ዓሣው ወደ ወንዞቹ የገባው በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ባሉት ዓመታት ነው። ይህን መገጣጠም እንደ ድንገተኛ ነገር ማየት ይከብዳል። ከእንግሊዝ መጥቶ በደጋው እርሻ እንዲጀምር የሚጋበዝ ሰው አየሩ የአገሩን አየር እንደሚመስል፣ አደኑ እንደሚበዛ፣ ወንዙም የሚያውቀውን ዓሣ እንደያዘ ሲነገረው ግብዣው ይበልጥ ይጥማል። ትራውቱ አገሩን የሰፋሪ አገር ከሚያስመስሉት ነገሮች አንዱ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ «ውሃው ባዶ ነበር» የሚል ነው። በአበርዴርና በኬንያ ተራራ ከፍ ያሉ ጅረቶች ውስጥ የሚበላ ዓሣ አልነበረም፣ የአካባቢው ሕዝብ ዓሣ አይበላም፣ ስለዚህ ማንም ምንም አላጣም ይላሉ። ተቃውሞው በከፊል እውነት አለው። የአካባቢው ነዋሪዎች ኪኩዩዎች በልማዳቸው ዓሣ አይበሉም ነበር፤ ይህ ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ታንዛንያ በብዙ ከብት አርቢና አራሽ ሕዝብ ዘንድ የሚታይ ባሕል ነው። ከፏፏቴዎቹ በላይ ያለው ቀዝቃዛ ውሃም በእርግጥ የዓሣ ድኻ ነው። ነገር ግን ባዶ አልነበረም። በኬንያው የጣና ወንዝ ላይኛ ገባሮች ድንጋይ ለድንጋይ ተጣብቆ የሚኖር ትንሽ የተራራ አምባዛ አለ፤ ሸርጣን፣ እንቁራሪትና በጠጠር ሥር የሚያድጉ የነፍሳት እጮች አሉ። የሚበላ ዓሣ የፈለገ ዓይን እነዚህን ስላላየ ውሃውን ባዶ አለው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ዓሣ የማይበላን ሕዝብ የወንዝ ባለቤት እንዳልሆነ መቁጠር ነው። የኪኩዩ አገር በረጃጅም ሸንተረሮች የተሠራ ነው፤ በሸንተረርና በሸንተረር መካከል ጅረት ይወርዳል። ምባሪ የሚባለው የዘር ሐረግ ጊታካ የሚባለውን ርስቱን የሚይዘው በአብዛኛው ከጅረት እስከ ጅረት ነው። ስለዚህ ወንዙ ድንበር ነው፣ ምስክር ነው፣ የመጠጥ ውሃ ነው። በረግረጉ ዳር ሴቶች ንዱማ ይተክላሉ፤ እኛ ጎደሬ የምንለው ነው። ለግርዛት የደረሱ ወጣቶች በንጋት ወርደው ሰውነታቸውን የሚያደነዝዙት በዚያው በበረዷማው ውሃ ነበር። ይህን ሁሉ የያዘ ወንዝ ባለቤት የለውም የሚባለው፣ ባለቤትነትን በመንጠቆ ብቻ ለሚለካ ሰው ነው። «ውሃው ባዶ ነበር» የሚለው አነጋገር «መሬቱ ባዶ ነበር» ከሚለው ጋር በአንድ እስትንፋስ የተነገረ ነው፤ ሁለቱንም የተናገሩት ሰዎች አንድ ናቸው፤ ለሁለቱም የቀረበው ማስረጃም አንድ ዓይነት ነው፤ እኛ በለመድነው መንገድ ስለማይጠቀሙበት አይጠቀሙበትም የሚል።

ዓሣው ከገባ በኋላ ደንብ ተከተለ። ለማጥመድ ፈቃድ መግዛት ግድ ሆነ፤ በብዙዎቹ ጅረቶች በሰው ሠራሽ ዝንብ ካልሆነ በቀር በትልም ሆነ በሌላ ማጥመድ ተከለከለ፤ የሚያዘው ዓሣ ቁጥርና ርዝመት ተወሰነ። ደንቦቹ በራሳቸው ዓሣውን ለመጠበቅ የሚጠቅሙ ናቸው፤ ዛሬም ቢሆን ትርጉም አላቸው። ሆኖም በቅኝ ግዛቱ ኬንያ በተግባር ያደረጉት አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ በገዛ አያቱ ጅረት ዳር የተወለደ ልጅ በሽቦ መንጠቆና በምድር ትል አንድ ዓሣ ቢያወጣ ሌባ ይሆናል፤ ከናይሮቢ በባቡር ወይም በመኪና መጥቶ ፈቃዱን የገዛው ሰው ደግሞ ስፖርተኛ ነው። አንዳንዱ «ይህ የጨዋ ጨዋታ ነው፣ ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። አጥማጆቹ ሁሉ ክፉ ነበሩ የሚል ክርክር እዚህ አልቀረበም፤ ብዙዎቹ ወንዙን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። ግን ጨዋታው በማን ዳር ላይ እንደሚካሄድ የወሰነው የመሬት ሕግ ነው። ግሮጋን ራሱ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ዓሣውን ያስመጣው ሰው በደጋው ሰፊ የደን ጣውላ የመቁረጥ መብት ያገኘ ሰው ነው። በመጋቢት 1907 ደግሞ በናይሮቢ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት የኪኩዩ ሪክሾ ጎታቾችን በአደባባይ ገርፎ አንድ ወር ተፈርዶበታል። ዛፉን፣ ወንዙንና ሰውን እንደ ራሱ ንብረት ያየ ዓይን አንድ ነው፤ ከዚህ ሁሉ መካከል ዓሣውን ብቻ ነጥሎ በመልካም ትዝታ ማውሳት አይቻልም።

አሁን ወደ ጥሻው እንምጣ፤ የክርክሬ ዋና ምሰሶ እሱ ነው። ትራውት ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ ወደ 25 ሲጠጋ ይሞታል። ሞቃት ውሃ በቂ ኦክስጅን አይይዝለትም። በምድር ወገብ ላይ ይህን ቅዝቃዜ የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከፍታና ጥላ። ከፍታው የተራራው ስጦታ ነው፤ ጥላው ግን የዛፉና የቁጥቋጦው ነው። ሴቷ ትራውት ንጹሕ ጠጠር ባለበት በጭራዋ ጉድጓድ ቆፍራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ መልሳም ጠጠር ታለብሰዋለች። በጠጠሩ መካከል ውሃ እየተሽሎከለከ ካላለፈ እንቁላሉ ይታፈናል። ዳሩ የተገለጠ፣ ከብት የሚረግጠው፣ እስከ አፋፉ የታረሰ ጅረት በመጀመሪያው ዝናብ ደለል ይዞ ጠጠሩን ይለስነዋል፤ የዚያ ዓመት ጫጩት በሙሉ አለቀ ማለት ነው። ጥሻው ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉ ፀሐይን ይከለክላል፣ ከላዩም ጉንዳን፣ ፌንጣና ጢንዚዛ እየረገፈ ዓሣውን ይመግባል። በተራራ ጅረት ውስጥ ከውሃው የሚገኘው ምግብ ጥቂት ስለሆነ ይህ የሚረግፈው ቀላል ቀለብ አይደለም።

ጥሻው ከአጥማጁም ይከልላል። በላባ ዝንብ ማጥመድ የተፈጠረው ሣር በለበሰ ክፍት ወንዝ ዳር ነው፤ አጥማጁ ክሩን ወደ ኋላ አርዝሞ ከጣለ በኋላ ወደ ፊት ይልከዋል፤ ለዚህ ከኋላው ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ቀርከሃ በጋረደው ጅረት ውስጥ ከኋላ ክንድ የሚያዘረጋ ቦታ የለም። እንዲህ ያለውን ውሃ የሚያውቅ ሰው አጭር ዘንግ ይይዛል፤ ትራውት ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ ስለሚቆም ከታች ወደ ላይ፣ ከዓሣው በስተኋላ፣ በውሃው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይጠጋል። ከዚያ ዝንቡን በመንጠቆው ጫፍ ሳይሆን በጎኑ በሁለት ጣት ይይዘዋል፤ ዘንጉ እንደ ቀስት እስኪለጠጥ ክሩን ወደ ራሱ ይስብና ይለቀዋል። ዝንቡ ከቅርንጫፎቹ በታች ሾልኮ የእጅ መዳፍ በምታህል ዝም ያለች ውሃ ላይ ያርፋል። ዓሣው ካየው ወዲያው ይመጣል፤ ጥላ ወይም የእግር ንዝረት ከቀደመው ደግሞ ከድንጋዩ ሥር ገብቶ አይወጣም። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ዝንብ ለማውረድ የሚጠፋው ጊዜ ከማጥመጃው ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ ክፍት የሆኑት፣ ማረፊያ ጎጆ የተሠራባቸውና መንገድ የገባላቸው የወንዝ ክፍሎች ብዙ ሰው ሲያጠምድባቸው፣ ጥሻ የወረሳቸው ትናንሽ ገባሮች የተዉት ቦታ ሆኑ። ለስፖርት የመጣው ዓሣ ስፖርቱ በማይመችበት ቦታ ቤቱን ሠራ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ የጫጩት ማራቢያ ጣቢያዎቹስ? በ1940ዎቹ መጨረሻ በኒዬሪ አቅራቢያ በኪጋንጆ የተቋቋመው የትራውት ጣቢያ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ጫጩት እያፈላ ወደ ወንዞቹ ሲልክ ኖሯል። ያለ ጣቢያው እንደ ቴጎ፣ ቲባና ኪማኪያ ያሉት የማጥመጃ ሰፈሮች ባልቆሙ ነበር የሚል ሰው ትክክል ነው። ግን የጣቢያው ሥራ ራሱ የሚያሳየው ነገር አለ። አንድ ወንዝ በየጊዜው ጫጩት የሚጨመርለት ከሆነ የሚያዘው ይመለስለታል ማለት ነው እንጂ ወንዙ ራሱን ችሎ ትራውት ያኖራል ማለት አይደለም። ጫጩት በባልዲና በበርሜል የሚጓጓዘው ደግሞ መኪና የሚደርስበት ድረስ ነው። መንገድ በማይደርስበት ጥቅጥቅ ባለ ገባር ውስጥ የሚገኝ ትራውት እዚያው ተፈልፍሎ፣ እዚያው ያደገ ነው። ዱር በቀል ብለን በሙሉ ልብ ልንጠራው የምንችለው እሱን ነው። በ1905 የመጣውን ዘር ያለ መንግሥት በጀት ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው ጠጠሩና ጥላው ነው።

ታዲያ ጥሻው እንዴት ቆየ? ቀላሉ መልስ «እንግሊዞች ደኑን ስለከለሉት ነው» የሚል ነው፤ ብዙ ሰው የሚቀበለውም ይህንን ነው። በመልሱ ውስጥ ያለው እውነት ትንሽ ነው። የቅኝ ግዛቱ የደን መሥሪያ ቤት ሰዎችን ከደኑ አስወጥቷል፤ ራሱ ግን ጽዱንና ዝግባውን ለጣውላ፣ ለባቡር ማገዶና ለምሰሶ ሲያስቆርጥ፣ በቦታው የፈረንጅ ጽድ፣ ፓይንና ባሕር ዛፍ ሲያስተክል ኖሯል። ተከላውን የሠሩት በደኑ ውስጥ በችግኞቹ መካከል ለጥቂት ዓመታት እህል እየዘሩ እንዲኖሩ የተፈቀደላቸው፣ ዛፉ ሲያድግ የሚነሡ ድኻ ቤተሰቦች ናቸው። መሬቱን ያለሙት እነሱ፣ መሬቱን የሚለቁትም እነሱ ነበሩ። መከለሉ ደኑን ከነዋሪው ለየው እንጂ ከመጋዝ አላዳነውም።

ሰውን ከመሬቱ ከመለየት የመጣው ምሬት ጋታማዩ የሚገኝበትን የላሪን አገር በደም አጥቧል። ቲጎኒ ከሚባለው፣ ለነጮች ከተከለለው አካባቢ የተነሡ ቤተሰቦች በላሪ እንዲሰፍሩ ተደርገው ነበር፤ ሌሎች ደግሞ መሬቱ የእኛ ነው ይሉ ነበር፤ ከተነሡትም መካከል እሺ ያለውና እምቢ ያለው ተለያየ። መጋቢት 26 ቀን 1953 ሌሊት የደረሰው እልቂትና እሱን ተከትሎ የመጣው በቀል ከዚህ የመሬት ቁስል የወጣ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በየካቲት 1952 የእንግሊዟ ልዕልት ኤልሳቤጥ የአባቷን ሞት የሰማችው በኬንያ ተራራ ግርጌ በሳጋና ማረፊያ ቤት ነበር፤ ቤቱ የቅኝ ግዛቱ የሠርግ ስጦታ ሲሆን የተሠራውም በትራውት ወንዝ ዳር ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአበርዴር ጅረቶች ለአራት ዓመት ያህል በቅኝ ግዛቱ ላይ የተነሡት የመሬትና የነጻነት ተዋጊዎች የመጠጥ ውሃና የመደበቂያ መንገድ ሆኑ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለባቸው፤ የደኑ ጠርዝ ሰው እንዳያልፍበት ተከለከለ፤ የተዋጊዎቹ መሪ ዴዳን ኪማቲም በጥቅምት 1956 የተያዘው በደኑ ጠርዝ ላይ ነው። አጥማጁን ያስቸገረው ጥሻ ወታደሩንም አስቸግሯል። የትራውትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እነዚህን ዓመታት «ወንዞቹ ተዘግተው ነበር» ብለው ሲዘሏቸው ይሰማል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከታሪኩ ሁሉ ወንዙ ለማን እንደሆነ በግልጽ የተጠየቀበት ጊዜ ያ ነው።

ነጻነት ከመጣ በኋላም ጥያቄው በራሱ አልተፈታም። የነጻዋ ኬንያ መንግሥት የዘውዱን ደን ወረሰ፤ ቆይቶም ባለሥልጣናት ከደኑ እየቆረሱ ለወዳጅ አደሉ። በ1980ዎቹ በደኖቹ ዙሪያ የተተከለው የኒያዮ የሻይ ቀበቶ ሰውን ከደን ለመለየት የታሰበ አረንጓዴ አጥር ነበር፤ ለዚያ አጥር ሲባል ግን የደኑ ጠርዝ ራሱ ተመነጠረ። ወንዙን ያዳነው ሌላ ወገን ነው። በአበርዴር ግርጌ በኢሂቴ መንደር የተወለደችው ዋንጋሪ ማታይ በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር የተነሣችው ከገጠር ሴቶች አቤቱታ ነው፤ ማገዶ ራቀ፣ ምንጩ ደረቀ የሚል። በ2004 በኦስሎ የኖቤል ሽልማቷን ስትቀበል ያወሳችውም በልጅነቷ ውሃ የምትቀዳበትን፣ በንዱማ ቅጠሎች መካከል የእንቁራሪት እንቁላል ያየችበትንና በኋላ የደረቀውን ጅረት ነው። በ1999 በናይሮቢ የካሩራን ደን ለማዳን የተደረገው ትግል፣ የማኅበረሰብ የደን ማኅበራትን በሕግ ያወቀው የ2005ቱ የደን አዋጅ፣ በ2009 የተጠናቀቀውና 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአበርዴር የኤሌክትሪክ አጥር ንቅናቄው ከተጀመረ በኋላ የመጡ ናቸው። የጋታማዩ ዓይነቱ ጅረት ዛሬ ጥሻ ካለው፣ ያለው የአካባቢው ሰው ደኑን የመጠበቅ መብትም ምክንያትም ማግኘት ስለጀመረ ነው።

«ይህ ሁሉ መልካም፣ ግን ትራውት መጤና ወራሪ ዓሣ ነው፤ ለምን እንከራከርለታለን?» የሚለው ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቡናማውም ቀስተ ደመናውም ትራውት ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከዓለም የከፉ 100 መጤ ወራሪዎች ብሎ በዘረዘራቸው ውስጥ ናቸው። ለእኛ ኢትዮጵያውያን ነገሩ የሩቅ ወሬም አይደለም፤ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከዚያው ከኬንያ የመጣ ትራውት በባሌ ተራሮች፣ በዲንሾ አጠገብ በሚያልፉት በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቅቆ እስከ ዛሬ ይኖራል። በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ እንቁራሪቶች የሚኖሩበት ተራራ ላይ አዳኝ ዓሣ ሲለቀቅ ለእነሱ የተጨነቀ አልነበረም። ስለዚህ ትራውት ባልገባበት ውሃ መልቀቅ ስሕተት ነው፤ ለቱሪስት ተብሎም ሊደረግ አይገባም። መቶ ዓመት በቆየበት ጅረት ግን ጥያቄው ይለወጣል። ዓሣውን ከእያንዳንዱ ገባር ለማውጣት ወንዙን በሙሉ መመረዝ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ከዓሣው ጋር አምባዛውንም ይጨርሳል። ትራውቱን የሚያኖረው ነገር፣ ጥላው፣ ጠጠሩ፣ ንጹሑ ውሃ፣ የአገሬውን ፍጡርም የሚያኖረው እሱ ራሱ ነው። ዓሣውን ለማጥፋት ብሎ ጥሻውን የሚመነጥር የለም፤ ጥሻው ከተመነጠረ ግን ሁሉም አብረው ይሄዳሉ።

በናይሮቢ የሚሰማው ሌላው ተቃውሞ የከተማው ነው፤ ሚሊዮኖች ቧንቧቸው ደርቆ በጀሪካን ውሃ በሚገዙበት ከተማ ስለ ጥቂት አጥማጆች ዓሣ ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ቢታይ ተቃውሞው ይገለበጣል። በ1950 የተሠራው የሩዪሩ ግድብ፣ ከእሱ ጥቂት ዓመት በኋላ የተጠናቀቀው የሳሱሙዋ ግድብ፣ በ1994 የተመረቀውና 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የንዳካይኒ ግድብ ሁሉም የሚሞሉት ከአበርዴር በሚወርዱ ጅረቶች ነው። ማራጉዋን፣ ጊኪጊዬንና ኢራቲን ጠልፎ በ11.8 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወደ ንዳካይኒ የሚያመጣው የሰሜን ሰብሳቢ ዋሻም የሚጠቀመው የዚያኑ ተራራ ውሃ ነው፤ የሙራንጋ ሰዎች «ውሃችን ሲሄድ ለእኛ ምን ይቀራል?» ብለው የተቃወሙትም ለዚህ ነው። ደለል ጠጠሩን እንደሚለስነው ሁሉ ግድቡንም ይሞላል፤ የውሃ ማጣሪያውን ወጪ ያንረዋል። ትራውት ለመኖር የሚፈልገው ውሃና ናይሮቢ ለመጠጣት የምትፈልገው ውሃ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱ ዓሣው ጉድለቱን ከከተማው ቀድሞ ማወቁ ነው።

የቀረው ክርክር ከደኑ በታች ስላለው የወንዝ ዳር ነው። የኬንያ የውሃ ደንብ ከወንዝ ዳር ከ6 እስከ 30 ሜትር ያለው መሬት እንዳይታረስና እንዳይሠራበት ያዛል። ደንቡ በወረቀት ላይ ተገቢ ነው፤ በላሪና በጊቱንጉሪ ሸንተረሮች ግን የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ጠብቦ ጠብቦ ጓሮ ያክል በቀረበት አገር 30 ሜትር ብዙ ነው። ለተፈናቀሉ ሰዎች ልጆች «ከወንዙ ዳር ራቁ» የሚል ትእዛዝ ከመንግሥት በኩል ሲመጣ፣ አያቶቻቸው የሰሙትን የሚመስል ቃል ነው የሚሰሙት፤ እምቢ ማለታቸው አያስደንቅም። ደግሞም ዳሩ ላይ የሚበቅለው ሁሉ አንድ አይደለም። ባሕር ዛፍ ረግረጉን ያደርቃል፤ የድንችና የጎመን ማሳ በየወቅቱ ተገልብጦ አፈሩን ለጎርፍ ያዘጋጃል። ንዱማ ግን ሰፊ ቅጠሉን ውሃው ላይ ዘርግቶ፣ ረግረጉን ሳያደርቅ፣ ከነሥሩ አፈር ይዞ የሚኖር ተክል ነው፤ ሴቶቹ ሲያወጡትም መልሰው የሚተክሉት እዚያው ነው። በ2002ቱ የውሃ አዋጅ መሠረት በየተፋሰሱ የተቋቋሙት የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ይህን ልዩነት ያውቁታል፤ የት ባሕር ዛፍ ተነቅሎ ቀርከሃ እንደሚተከል፣ የት ንዱማ እንደሚቆይ፣ ከብት በየት በኩል ወርዶ እንደሚጠጣ በየሜትሩ የመወሰን ሥልጣንና በጀቱ ሊሰጣቸው ይገባል። የማጥመጃ ፈቃዱ ገንዘብም ለእነዚሁ ማኅበራት ቢገባ ለቀርከሃው ችግኝና ለከብቱ ማጠጫ ገንዳ ይውላል፤ ዳሩን የሚጠብቁት እነሱ ናቸውና።